ልጄ፣ መጀመሪያ አፈሩን እይ

ልጄ እንደምን ነህ፣ ትናንት እህትህ ደውላ የጥድ ችግኝ በመኪና አስጭኖ እዛ ሜዳው ላይ ሊተክል ነው ስትለኝ እንቅልፍ አጣሁ። ያ ሜዳ እኮ መረሬ፣ ጥቁር ጭቃ አፈር ነው! ክረምት ላይ ውሃ ያቁራል፣ በጋ ሲመጣ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ ሲሰነጠቅ የችግኙንም ሥር ይበጥሰዋል። ጥድ ድርቁን ይችላል ብርዱንም ይችላል፣ ውሃ የተኛበት መሬት ግን አይሆነውም፣ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ተዳፋቱ ላይ ያለው አምሮበታል አልክ አሉ፣ አዎ ያምርበታል፣ እዛ ውሃው አይቆምማ። ደግሞ ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ቁልቁል ወርዶ ሜዳው ላይ ነው የሚተኛው፣ ውርጩ የላዩን ትቶ የታቹን ለጋ ነው የሚያቃጥለው። አንተ ደግሞ ከድሮም ችኩል ነህ። መጀመሪያ አፈሩን እይ።

የባሌን ተራራ ሳላሳይህ ማደግህ እስካሁን ይቆጨኛል። ችግኝ ጣቢያ ስሠራ በመሥሪያ ቤት መኪና ታች ካለው ከሀረና ጫካ ተነስተን ተራራው አናት ሳነቴ ሜዳ ስንወጣ ምነው ልጄ በኖረ እያልኩ ነበር፣ ታች ዝግባው አናቱ አይታይም ሙቀቱ ያልብሃል፣ ከፍ ስትል ቀርቀሃ፣ ከዛ ኮሶ፣ ከዛ ዛፉ እያጠረ እያጠረ መጥቶ የዛፍ ሽበት የተንጠለጠለበት አስታ ብቻ ይቀራል፣ 4000 ሜትር ላይ ዛፍ የሚባል ነገር የለም፣ ጅባራ የሚሉት ተክል ብቻውን ቆሟል፣ ጃኬት ደርበህም ትንቀጠቀጣለህ። ወደ ላይ ስትወጣ ሙቀቱ በየ1000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ገደማ ሲቀንስ ቀላል መሰለህ? በሰሜን በኩል ወደ ጎባ ስትወርድ ደግሞ ዝናቡ ስለሚያንስ ጫካው ሌላ ነው፣ ጥዱን እዛ ነው የምታገኘው። ወይ ጊዜ፣ አሁንማ ጉልበቴም እሺ አይለኝ።

ባህር ዛፍ የትም ይበቅላል የሚልህንም ጓደኛህን አትስማው፣ ነጩ ደጋ ነው የሚወደው፣ ለሞቃትና ደረቅ ቦታ ቀዩ ይሻላል።

በል ዛሬውኑ አካፋ ያዝና ጉልበት ድረስ ቆፍረህ ውሃ ሙላበት፣ ጠዋት ውሃው እዛው ተኝቶ ካገኘኸው ጥዱን ወደ ተዳፋቱ ውሰደው። እስከዛ ችግኙን ጥላ ውስጥ አቆየው፣ አጠጣው፣ ስትተክል ፕላስቲኩን ቀደህ አውጣ፣ ከሥሩ ጋር ያለው አፈር ግን እንዳይበተን። የኔ ጌታ አፈሩን ሳታይ አንድም ችግኝ እንዳትተክል፣ ሰምተሃል? የጉድጓዱን ፎቶ ጠዋት በቴሌግራም ላክልኝ።