ከአናፖሊስ ለወንድሜ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ ደህና ናቸው? እኔ ከናፍቆትህ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም ማለቴ ከመርሳት አይደለም። በመጨረሻው ደብዳቤህ «የምትሠራበት ቤት እኛ ጉዳይ ገዳይ ከምንለው በምን ይለያል?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር፤ ያን ጊዜ የምመልስልህ ስላልነበረኝ ብዕሬን አስቀመጥኩ። ዘንድሮ የምክር ቤቱ ጉባኤ ተዘግቶ ቢሮው ጸጥ ሲል፣ ያኔ ያላገኘሁትን መልስ ልጽፍልህ ተቀመጥኩ።

አለቃዬ ጠበቃ ናቸው፤ አናፖሊስ ዋና ከተማዋ በሆነችው በአሜሪካ የሜሪላንድ ግዛት፣ በተወካዮች ምክር ቤት ለዓመታት ካገለገሉ በኋላ የመንግሥት ጉዳዮች አማካሪ፣ ማለትም በክፍያ የደንበኞችን ጉዳይ ይዞ ሕግ አውጪዎች ፊት የሚቀርብ ሰው (ሎቢስት) ሆነዋል። የሜሪላንድ ምክር ቤት በዓመት የሚሰበሰበው 90 ቀን ብቻ ስለሆነ፣ 141 ተወካዮችና 47 ሴናተሮች ብዙዎቹ ሌላ መተዳደሪያ አላቸው፤ ከእነዚህም ጠበቆች ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ ሕግ ማውጣትና ደንበኛ መያዝ እዚህ ገና ከጅምሩ ጎን ለጎን የሚሄዱ ናቸው።

ደንበኞቻችን የሚከፍሉት በአብዛኛው ለንባብ ነው ብልህ ታምነኛለህ? በአንድ ጉባኤ ከ2,000 በላይ ረቂቅ ሕጎች ይቀርባሉ። አለቃዬ ረቂቁን ከማንበባቸው በፊት ለመንግሥት ካዝና ምን ያህል ወጪ እንደሚያስከትል የሚያሳየውን ማስታወሻ ያነባሉ፤ ብዙ ረቂቅ የሚወድቀው እዚያ ላይ መሆኑን ወንበሩ ላይ ሳሉ አይተዋልና። በጉባኤው 69ኛ ቀን ከተወካዮቹ ወደ ሴናተሮቹ ወይም ከሴናተሮቹ ወደ ተወካዮቹ ያልተሻገረ ረቂቅ መንገዱ እንደሚጠብበትም ስለሚያውቁ፣ ከዚያ ቀን በፊት ባሉት ሳምንታት እንቅልፍ የሚባል የለንም።

ከጉዳይ ገዳይ የሚለየን በመጀመሪያ ሕጉ ነው። በግዛቱ የስነ ምግባር ኮሚሽን እንመዘገባለን፤ ከማን ስንት እንደተቀበልን በዓመት ሁለት ጊዜ እናሳውቃለን፤ «ሕጉ ከጸደቀልህ ትከፍለኛለህ» ብሎ መዋዋልም ክልክል ነው። ምክር ቤቱን የለቀቀ ሰውም አንድ ዓመት ሳይሞላው በክፍያ የሌላውን ጉዳይ ይዞ እዚያ መቅረብ አይችልም።

አንድ ዓመት ግን ያንሳል፤ ይህንን ለአለቃዬም ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ። የፍሎሪዳ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2018 ድምፅ ሰጥቶ ስድስት ዓመት አድርጎታል፤ ሥራ ላይ የዋለውም በ2022 መጨረሻ ነው። እሳቸው «በስድስት ዓመት እውቀቱ ይሻግታል» ይላሉ። እኔ ደግሞ የሚሻግተው ትውውቁ እንጂ የሕግ እውቀቱ አይደለም ባይ ነኝ፤ ደንበኛው በእውነት የሚገዛው እውቀቱን ከሆነ ስድስት ዓመት ማንንም አይጎዳም። ጆርጅ ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ1783 የጦር አዛዥነቱን ያስረከበው እዚሁ የምክር ቤቱ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ በዚያ አዳራሽ ባለፍኩ ቁጥር ሰው ከወንበር ሲነሣ ምን ይዞ መውጣት እንደሚፈቀድለት አስባለሁ።

ባለፈው ዓመት በቤታቸው የሰው ልጆች የሚንከባከቡ እናቶች፣ ሁለቱ የእኛው አገር ሰዎች፣ ስለዚህ ሥራ ፈቃድ ደንብ ሊያማክሩን መጡ። የእኛን ክፍያ የሚችሉ አልነበሩም። አለቃዬ ገንዘብ ሳይጠይቁ በኮሚቴው ፊት ለመናገር እንዴት እንደሚመዘገቡ አሳዩአቸው፤ እኔ ደግሞ የሚሉትን በሁለት ደቂቃ እንዲጨርሱ ሰዓት ይዤ አለማመድኳቸው። አንደኛዋ በሚንቀጠቀጥ ድምፅ ጀምራ፣ የኮሚቴው አባላት ከወረቀታቸው ቀና ብለው እስኪያዩአት ድረስ ተናገረች። ጥያቄህ የከነከነኝ ያን ቀን ነበር፤ እኛ ጋ ሳይመጡ የቀሩት ስንት ይሆኑ?

የእናንተ ድርጅት በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ሕግ እንዲሻሻል ሐሳብ ማቅረብ ይችላል። የፓርላማው ቋሚ ኮሚቴ እንዴት እንደሚቀበላችሁ፣ ማን ቀድሞ እንደሚሰማ፣ በዝርዝር ጻፍልኝ። የእማማን እግር ሳምልኝ።

የማይረሳህ ወንድምህ