ለጋራዡ ባለቤት፦ ሳይመረመር ስለተቀየረው የመሪ ፓምፕ የቀረበ ቅሬታ

ሱሉልታ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ የተገባልኝ ቃል ስላለመከበሩ፣ ያላግባብ ስለተከፈለ ገንዘብና ስለተሰጠኝ ክብር የሚነካ መልስ

የኮሮላ መኪናዬን ጉዳይ ከመጀመሪያው አንሥቼ አልተርክልዎትም። ባጭሩ፣ የመሪ ዘይት ስለሚጎድል አስገብቼው መሪውን በዘይት ግፊት የሚያቀልለው ፓምፕ ሳይመረመር ተቀየረ፤ መሪው ግን መጮሁን አልተወም። የሥራ ማዘዣ ካርዱ ጋራዥዎ ውስጥ ስላለ አስወጥተው እንዲያነቡት እጠይቃለሁ። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ባለፈው ቅዳሜ በግቢዎ የሆነው ነገር ነው። እሱን እንደነበረ እነግርዎታለሁ፤ ሠራተኞችዎ በሌላ መልክ ነግረውዎት ይሆናል የሚል ስጋት አለኝ።

ሐሙስ ዕለት የጋራዡ ኃላፊ በስልክ የሰጡኝ ቃል ይህ ነበር፦ «ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይምጡ። ዋናው መካኒክ የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንሥቶ፣ እርስዎ አጠገቡ ቆመው እያዩ፣ ከዘይት ማጠራቀሚያው እስከ መሪው ሳጥን ድረስ አንድ በአንድ ይፈትሸዋል። ከእንግዲህ ምክንያቱ ሳይታወቅ አንዲት ቡሎን አትፈታም።» ይህን ያሉት እኔ ለምኛቸው አይደለም። ፓምፑ ተቀይሮም መሪው መጮሁን ስላልተወ ራሳቸው አስበው ያቀረቡት ነው። እኔም አምኜ ተቀበልኩ፤ የዕለቱን የእድር ስብሰባ አስፈቅጄ ቀረሁ።

ቅዳሜ 3 ሰዓት ሳይሞላ ደረስኩ። ዋናው መካኒክ አልነበረም። መጀመሪያ «አሁን ይመጣል» ተባልኩ። ቆይቶ «ዕቃ ሊገዛ ሶማሌ ተራ ሄዷል» ተባልኩ። በመጨረሻ ጥበቃው አዘነልኝ መሰለኝ፣ «ቅዳሜ እኮ ፈረቃው አይደለም፤ ዛሬ አይገባም» አለኝ። ኃላፊው ሐሙስ ዕለት ቃል ሲገቡልኝ የሠራተኞቻቸውን ፈረቃ አያውቁም ነበር ማለት ነው? ወይስ እያወቁ ነው ስልኩን እንድዘጋላቸው ብቻ ያሉት? ለዚህ ጥያቄ መልስ እፈልጋለሁ።

እኩለ ቀን ሲቃረብ ሁለት ወጣት ረዳቶች መኪናውን አስነሡ። ክሪክ የሚባል ነገር አልቀረበም። ጎማዎቹ መሬት ላይ እንዳሉ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ አዞሩና እዚያው ይዘው ቆዩ። የፓምፑ ጩኸት ከአጥሩ ውጭ ይሰማ ነበር። መሪ እስከ መጨረሻው ዞሮ ሲያዝ በፓምፑ ውስጥ ያለው ግፊት ከፍተኛው ደረጃ ላይ ይደርሳል፣ ዘይቱም ይግላል፤ ስለዚህ ከጥቂት ሰከንድ በላይ እንዲህ አይያዝም። መኪና የሚነዳ ሰው ሁሉ ይህን ሊያውቀው ይገባል። «ልቀቁት፣ ይጎዳል» ብላቸው «ድምፁን እያዳመጥን ነው» አሉኝ። ልጆቹን አልቀየማቸውም። የሚያሳያቸው ሰው አጠገባቸው አልነበረም።

ወደ ኃላፊው ቢሮ ገባሁና «የገቡልኝ ቃል ምን ሆነ?» አልኳቸው። ቀና ብለው ሳያዩኝ «እትዬ፣ መኪናው የ1996 ሞዴል ነው፤ የሚጮኸው ዕድሜው ነው» አሉ። «ዕድሜ ዘይት አይጠጣም» አልኳቸው። «በየሳምንቱ የመሪው ዘይት ይጎድላል፤ ከመኪናው ሥር ግን አንዲት ጠብታ የለም። የት ነው የሚሄደው?» «የመሪው ሳጥን ነው፤ መቀየር አለበት፤ 68,000 ብር ይፈጃል» አሉ። ፓምፑ ነው ተብሎ ፓምፑ ተቀየረ፤ አሁን ደግሞ ሳጥኑ ነው። «ሳይፈተሽ እንዴት ታወቀ?» ብዬ ስጠይቅ እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና እንዲህ አሉኝ፦ «ይህንን ለሴት ማስረዳት ያስቸግራል። ባለቤትዎን ይላኩልን፤ ከእሳቸው ጋር እንጨርሳለን።»

ቢሮው ውስጥ ተራ የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ሳቀ። ኃላፊውም አብረው ሳቁ።

መኪናው የእኔ ነው። ሊብሬው ላይ ያለው ስም የእኔ ነው። ለፓምፑና ለሥራው የተቀበላችሁኝ 21,500 ብር ከእኔ ደመወዝ የወጣ ነው፤ ገንዘቡን ስቆጥር ባለቤትዎ ይምጡና ይክፈሉ ያለኝ ሰው አልነበረም። ከሱሉልታ ተነሥቼ የእንጦጦን ሸንተረር ተሻግሬ ወደ አዲሱ ገበያ በየማለዳው የምነዳውም እኔ ነኝ። ያ ቁልቁለት ምን እንደሚመስል ለእርስዎ አልነግርዎትም። ከጎጃም በኩል የሚመጡ ሲሚንቶ የጫኑ ተሳቢዎች ከኋላ እየገፉ፣ ከፊት ሚኒባስ ድንገት ሲቆም፣ በኩርባው ላይ መሪ እጅ ላይ ሲከብድ የሚሰማውን የሚያውቀው የያዘው ሰው ነው። ፓምፑ ማገዙን ቢያቆም መሪው አይቆለፍም፤ ነገር ግን ቀስ እያሉ በሚታጠፉበት ቦታ ሁለት እጅ ላያዞረው ይችላል። በዚህ ሁኔታ መኪናውን «ይሄዳል፣ ችግር የለውም» ብላችሁ መልሳችሁልኛል። ሥጋቴን ለማስረዳት ወንድ መላክ አያስፈልገኝም።

አሁን ደግሞ ችግሩ ምን እንደነበረ ልንገርዎት፤ ጋራዥዎ ሊነግረኝ ይገባው የነበረውን እኔ ልንገረው ማለት ነው። ሰኞ ዕለት መኪናውን አዲሱ ገበያ አካባቢ ለሚሠራ አንድ መካኒክ አሳየሁት። ሰፊ ግቢም ሆነ ትልቅ ማስታወቂያ የለውም። ኮፈኑን ከመክፈቱ በፊት «ጠዋት ሲያስነሡት ነጭ ጭስ ያወጣል?» ሲል ጠየቀኝ። ያወጣል አልኩት። ከመሪው ፓምፕ ተነሥታ ወደ ሞተሩ አየር ማስገቢያ የምትሄድ ቀጭን ቱቦ ነቀለና አሳየኝ፤ ቀዩ የመሪ ዘይት ከውስጧ ይንጠባጠብ ነበር። አየር ብቻ ሊያልፍባት የሚገባ ቱቦ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን በተሠሩ ብዙ የቶዮታ መኪናዎች የመሪ ፓምፕ ላይ አንዲት ትንሽ የአየር ቫልቭ ትገጠማለች። ቆሞ ወይም በዝግታ እየሄዱ መሪ ሲዞር ፓምፑ ሞተሩን ስለሚጫነው፣ ሞተሩ እንዳይጠፋ ቫልቯ ትንሽ ተጨማሪ አየር ታስገባለታለች። በውስጧ ያለው ማሸጊያ ሲያልቅ ግን ሞተሩ በዚያችው መንገድ የመሪውን ዘይት ይስብና ከቤንዚኑ ጋር ያቃጥለዋል። መሬት ላይ ጠብታ የማይታየው ለዚህ ነው፤ ጭሱም ከዚህ የመጣ ነው። ዘይቱ ሲያንስ ፓምፑ አየር ይስባል፣ ዘይቱ አረፋ ይሆናል፣ መሪው ይጮሃል፣ ይከብዳል። መካኒኩ አዲስ ቫልቭ እስኪገኝ ድረስ ቱቦዋንና ሁለቱንም ቀዳዳዎች ደፈነ። መመሪያው የሚያዝዘውን ዴክስሮን ዘይት ሞላ። የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንሥቶ፣ መጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ ከዚያም ተነሥቶ፣ አረፋው እስኪጠፋ ድረስ መሪውን በዝግታ ግራና ቀኝ አመላለሰው። ከዚያ ወዲህ ጩኸት የለም፤ ዘይቱም ከምልክቱ ዝቅ አላለም። የከፈልኩት የዘይቱንና የድካሙን ዋጋ ነው።

እባክዎ አሁን የሥራ ማዘዣ ካርዱን ይመልከቱ። መኪናውን ያስገባሁ ዕለት እንግዳ ተቀባይዋ እኔ እየነገርኳት በእጇ የጻፈችው እዚያ አለ፦ «የመሪ ዘይት ይጎድላል፤ ከሥር ጠብታ የለም፤ ጠዋት ነጭ ጭስ»። ከዚህ የበለጠ ምን ልናገር ኖሯል? መልሱ በካርዱ ላይ ተጽፎ ተቀምጦ ሳለ የሚያነበው ጠፋ። የበለጠ የሚያናድደኝ ደግሞ ይህ ነው፦ ፓምፑ ሲቀየር ያች የተበላሸች ቫልቭ ከቀድሞው ፓምፕ ተፈትታ በተተካው ላይ ተገጥማለች። ይህን የነገረኝ የገጠመው ረዳት ራሱ ነው፤ በቅንነት ስለተናገረ እንዳይቀጡብኝ አደራ እላለሁ። ጤነኛው ፓምፕ ወጣ፣ በሽታው መኪናው ላይ ቀረ፣ እኔም ለዚህ ከፈልኩ። የቀድሞውን ፓምፕ መልሱልኝ ስል «ተጥሏል» ተባልኩ። የሚሠራ ዕቃ ማን ይጥላል?

የጋራዥዎ በር ላይ «በዘመናዊ መሣሪያ እንመረምራለን» የሚል ጽሑፍ አለ። መሪ ሲከብድ በቅድሚያ የሚታየው የጎማው ነፋስ፣ የዘይቱ መጠን፣ ቀለሙና አረፋው፣ የቺንጊያው ውጥረት፣ የቱቦዎቹ ማሰሪያ ነው፤ ይህ ሁሉ ዓይንና ጣት ብቻ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ፓምፕ የሚጠረጠር ከሆነ በግፊት መለኪያ ይረጋገጣል። መሪው የሚከብደው ወደ አንድ ወገን ብቻ ቢሆን ኖሮ ሳጥኑን ብትጠረጥሩ ይገባኝ ነበር፤ የእኔ ግን ግራም ቀኝም እኩል ነበር የሚከብደው፣ ይህንንም ተናግሬያለሁ። መለኪያው ሲወጣ አንድም ቀን አላየሁም።

ቀድሞ በዝምታ ያለፍኳቸው ነገሮችም አሉ፤ አሁን ግን አልተዋቸውም። የተጨመረው ዘይት ምንም ጽሑፍ ከሌለው የፕላስቲክ ጠርሙስ የተቀዳ ነው፤ ምን ዓይነት እንደሆነ ብጠይቅ «ዘይት ነው» ተባልኩ። የሹፌሩ ወንበር ልብስ በግራሶ ተበላሽቷል። ከመለሳችሁልኝ ወዲህ መኪናው ቀጥ ብሎ ሲሄድ መሪው ወደ ቀኝ ዘመም ብሎ ይቆማል። ለከፈልኩት ገንዘብ የተሰጠኝ ሕጋዊ ደረሰኝ ሳይሆን ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ነው። «እንደውልልዎታለን» ተብሎ የተደወለበትን ቀን አላስታውስም።

ይህን ደብዳቤ መጻፍ ስጀምር የምፈልገው ኃላፊው በእነዚያ ሰዎች ፊት ስለተናገሩኝ ቃል ይቅርታ እንዲጠይቁኝ ብቻ ነበር። የሆነውን በቅደም ተከተል ስጽፈው ግን ይቅርታው ብቻውን እንደማይበቃ ተረዳሁ። ስለዚህ የይቅርታው ደብዳቤ በእርስዎ ፊርማ ይድረሰኝ። ለፓምፑና ለሥራው የከፈልኩት 21,500 ብር በሙሉ ይመለስልኝ፤ ለገጠማችሁት ፓምፕም ሆነ ለድካማችሁ የምተወው የለኝም። የራሴ ፓምፕ ካለበት ተፈልጎ ይሰጠኝ። አዲሷን ቫልቭ በእናንተ ወጪ ግዙልኝ፤ የሚገጥመው ግን አዲሱ ገበያ ያለው መካኒክ ይሆናል። የወንበሩ ልብስም ይታጠብ ወይም ይቀየር።

በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከስድብና ከማዋረድ የመጠበቅ መብት አለው። ሁሉም በእኔ ላይ ተጥሷል። ይህ ደብዳቤ በደረስዎት በ10 ቀን ውስጥ የጽሑፍ መልስ ካላገኘሁ አቤቱታዬን፣ ካርዱ እንዲቀርብ ጠይቄ፣ የደብተሩን ወረቀትና የመካኒኩን ማብራሪያ አያይዤ ለሚመለከተው የንግድ ጽሕፈት ቤት አስገባለሁ፤ ከዚያም በኋላ ፍርድ ቤት እሄዳለሁ። በስልክ የሚሰጥ ቃል ከእንግዲህ አልቀበልም።

ከሰላምታ ጋር

የመኪናው ባለቤት
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለጋራዡ ኃላፊ
ለእንግዳ መቀበያ ክፍል፣ ከሥራ ማዘዣ ካርዱ ጋር እንዲያያዝ