በውሰት የሚዞር የሳተላይት ኪት ለተማሪዎች፦ የድጋፍ ጥሪ

ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ተማሪዎች የሳተላይት ሥራን በእጃቸው የሚለማመዱበት፣ ከቡድን ወደ ቡድን በውሰት የሚዞር ኪት፣ ማለትም የተሟላ የመሥሪያ ዕቃ ስብስብ፣ ልናዘጋጅ ነው። ከኪቱ ጋር ሕዋ ላይ ያሉ ሳተላይቶችን በሬዲዮ የሚሰማ አንድ የጋራ የመሬት ጣቢያ እና በአማርኛ የተጻፈ የሥራ መመሪያ ይኖራል። ለዚህ ገንዘብ ያስፈልገናል። የሃምሳ ሎሚውን ተረት ሁላችሁም ስለምታውቁት አልደግመውም።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅ። ሳተላይት እናመጥቃለን እያልን አይደለም። በዚህ ዘርፍ ትልቅ ቃል መግባት ቀላል ነው፤ እኛ ግን የምንጨርሰውን ብቻ ነው የምንጀምረው።

ሐሳቡን የወሰድነው ከአንድ መምህር የሥራ ዘመን ነው። ቦብ ትዊግስ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የኤሮስፔስ ምህንድስና ያስተማሩ ፕሮፌሰር ናቸው። ተማሪዎቻቸው የሠሯት ኦፓል የተባለች ሳተላይት እ.ኤ.አ. በ2000 መጀመሪያ ላይ መጠቀች። በሆዷ ስድስት ጥቃቅን ሳተላይቶች ይዛ ነበር። ሥራው ጥሩ ሆኖ ሳለ ችግር ነበረው። እንዲህ ያለ ሳተላይት ሠርቶ ለመጨረስ ዓመታት ይፈጃል። የማስተርስ ተማሪ ደግሞ ቶሎ ተመርቆ ይሄዳል። ስለዚህ የጀመረው ሌላ፣ የሚጨርሰው ሌላ ይሆናል።

ትዊግስ መፍትሔውን ያገኙት ሳተላይቱን በማሳነስ ነው። መጠኗን ሲያስቡ ሞዴል የሆነቻቸው ሱቅ ውስጥ ያዩዋት የአሻንጉሊት ማስቀመጫ የፕላስቲክ ሳጥን ናት። እ.ኤ.አ. በ1999 ካል ፖሊ ከሚባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ጆርዲ ፑዊግ-ሱዋሪ ጋር ሆነው ኪዩብሳት የሚባለውን የትንሽ ሳተላይት መስፈርት አወጡ። ቁመቷም ስፋቷም ጥልቀቷም 10 ሴንቲሜትር፣ ክብደቷ ያኔ ቢበዛ 1 ኪሎ። የካል ፖሊ ቡድን ደግሞ ሦስት ሳጥን ደርድሮ የሚይዝ፣ ምሕዋር ላይ ሲደርስ በሩን ከፍቶ በስፕሪንግ የሚገፋቸው መያዣ ሠራ። በእኔ ዓይን ከሳጥኗ ይልቅ መያዣው ይበልጣል። የሮኬት ባለቤት የተማሪ ሥራ መንገድ ላይ ተበታትኖ ዋናውን ጭነት እንዳይጎዳበት ይፈራል። ተቆልፎ የሚሄድ ከሆነ ግን ስጋቱ በጣም ይቀንሳል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በሩ የተከፈተላቸው በዚህ ብልሃት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ኪዩብሳቶች እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2003 ከሩሲያ መጠቁ። አንዳንዶቹ ከነጭራሹ ድምፃቸው አልተሰማም። የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሠሯት ሳይ-ፎር ግን ከ15 ዓመት በላይ ሠራች። እስከ ዛሬ ወደ ሕዋ የተላኩት ኪዩብሳቶች ከ2,000 በላይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 ማርኮ የተባሉ ሁለት መንትያ ኪዩብሳቶች ኢንሳይት የተባለችውን የናሳ መንኮራኩር እስከ ማርስ ድረስ አጅበዋል።

እኛን ይበልጥ የሳበን ግን የትዊግስ ሌላው ሐሳብ፣ ካንሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ነው ያቀረቡት። የለስላሳ ጣሳ በምታህል ዕቃ ውስጥ የሳተላይትን ዋና ዋና ክፍሎች መክተት ነው ነገሩ፦ ባትሪ፣ ትንሽ ኮምፒውተር፣ ሴንሰር፣ ሬዲዮ። ከፍ ካለ ቦታ ትለቀቃለች፣ በፓራሹት ትወርዳለች፣ እየወረደች የለካችውን በሬዲዮ ትልካለች። ሮኬት የግድ አይደለም፤ ድሮን ወይም ፊኛም ያነሳታል። ከባሕር ወለል ብዙም ባልራቀ ከፍታ 8 ሜትር ገደማ በወረደች ቁጥር የአየር ግፊቱ በ1 ሄክቶፓስካል (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ይጨምራል። ተማሪው ከዚህ ቁጥር ተነስቶ ከፍታዋንና ፍጥነቷን ራሱ ያሰላል። ፓራሹቱ ጠቦ ከሆነ ደግሞ ማንም ሳይነግረው ያየዋል።

በኪቱ ውስጥ ለሁለት ጣሳ የሚበቃ ዕቃ ይኖራል። የማይክሮኮንትሮለር ቦርድ (ትንሿ ኮምፒውተር)፣ የግፊትና የሙቀት ሴንሰር፣ ጂፒኤስ፣ የሬዲዮ ሞጁል፣ ባትሪ፣ መበየጃ፣ የፓራሹት ጨርቅ። ለምን ሁለት ካላችሁ፣ አንዷ መሰበሯ አይቀርማ! መለዋወጫ ያልያዘ ኪት ሁለተኛው ቡድን ጋ ሲደርስ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

የመሬት ጣቢያው ከበድ ይላል። ሬዲዮ ተቀባይ፣ ሁለት አንቴና፣ አንቴናውን ወደ ሳተላይቱ የሚያዞር ሞተር እና አነስተኛ ኮምፒውተር ይፈልጋል። ብዙዎቹ የተማሪ ሳተላይቶች የሚያወሩት ከ435 እስከ 438 ሜጋኸርዝ ባለው የአማተር ሬዲዮ፣ ማለትም ለንግድ ሳይሆን ለፍላጎታቸው ሬዲዮ የሚሠሩ ሰዎች በሚጠቀሙበት፣ የፍሪኩዌንሲ ክልል ነው። በሰከንድ 7.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚበሩ ከአድማስ እስከ አድማስ ቢቆዩ 10 ደቂቃ አካባቢ ነው። ሲቀርቡና ሲርቁ ደግሞ የሚሰማው ፍሪኩዌንሲ ይንሸራተታል። ይህን በመጽሐፍ ማንበብና በራስ ጆሮ መስማት ለየቅል ናቸው። ጣቢያውን ሳትኖግስ ከተባለው ክፍት የመሬት ጣቢያዎች መረብ ጋር እናገናኘዋለን። የኛ ጣቢያ የሌሎችን ሳተላይት ይሰማል፤ የኛ ተማሪዎችም በሌሎች ጣቢያ ተጠቅመው ሳተላይት ያዳምጣሉ። ወደ ሳተላይት መልእክት መላክ የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ስለሚጠይቅ በመስማት ብቻ እንጀምራለን።

ስለ ገንዘቡ። መጀመሪያ የሚገዛው የካንሳቱ ዕቃ ነው፣ ቀጥሎ ተቀባዩና አንቴናው፣ መጨረሻ ላይ ማዞሪያው ሞተር። ገንዘቡ ካልደረሰ አንቴናውን በእጅ እያዞርን እንጀምራለን፤ ያስቃል እንጂ ይሠራል። ቢተርፍ ሁለተኛ ኪት እንገዛበታለን። ለአዘጋጆቹ የሚከፈል አበል የለም። ደረሰኝ ሁሉ ለሰጪዎች በየጊዜው ይላካል፣ የተሰበረውና የጠፋው ዕቃም ሳይቀር ይነገራል።

ገንዘብ ባይመቻችሁ ኤሌክትሮኒክስ የምታውቁ፣ ፕሮግራም የምትጽፉ ወይም አማርኛ የምታርሙ ሰዎች ሰዓታችሁን ስጡን። መሳቢያ ውስጥ የተኛ የሚሠራ ቦርድ፣ ኬብል ወይም ተቀባይ ካላችሁም እንቀበላለን። የማይሠራውን ግን ይቅርታ፣ ማስቀመጫ የለንም። ለመስጠት የወሰናችሁ ይህን ጥሪ ላደረሳችሁ ሰው ንገሩት፤ እሱ ከገንዘብ ያዡ ጋር ያገናኛችኋል። የመመሪያውን ረቂቅ አንብባችሁ ለመተቸት የምትፈልጉም እንደዚሁ።