«ተዛማጅ» ያልሆነው ዲግሪዬ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ አንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ አቤቱታ እተይባለሁ፣ ሲቪ እሠራለሁ። ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለው ዲግሪ የታሪክ ነው። ደንበኛ ሁሉ ቀና ብሎ ያየውና ወይ ይስቃል ወይ ያዝንልኛል፤ ለምጄዋለሁ። ሰሞኑን የመጡት አባትና ልጅ ግን ከሐሳቤ አልወጣ ስላሉኝ ነው የምጽፍላችሁ።

አባትየው ከመሐል ሜዳ ነው የመጡት። ባናቸውን እንደደረቡ ገቡና ወንበሯ ላይ ተቀመጡ። ልጁ ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ነው፤ ዲፓርትመንት መምረጫው ደርሶበታል። ዝርዝሩን ስልኩ ላይ ይዞታል፣ ግን አባቱ በወረቀት ካላዩት አያምኑም፤ ስለዚህ ፕሪንት አደረግሁላቸው። ወረቀቱን ተቀብለው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ልጁ ታሪክን አንደኛ አድርጎታል። አባት መጀመሪያ ልጃቸውን፣ ቀጥሎ የእኔን ግድግዳ አዩ።

«ታሪክማ እኔም አውቃለሁ። ለዚህ ደግሞ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ይገባል?»

ሳቅ አመለጠኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም። በጉን ሸጦ ልጅ የሚያስተምር ሰው ይህን ቢጠይቅ ምን ይፈረድበታል?

እውነቱን ልናገር። እኔ ራሴ ታሪክን የሞላሁት ስድስተኛ ላይ ነው። ኢኮኖሚክስና አካውንቲንግ ውጤት ያላቸው ወሰዷቸው፣ ማኔጅመንት ሞላ፣ እኔ ተመደብኩ። ክፍላችን ውስጥ ታሪክን ወድዶ የገባው በጣት የሚቆጠር ነበር። ሌላው ሰው ፊት ዲፓርትመንቱን ሲጠሩበት አንገቱን ይደፋል። ትምህርቱም ቢሆን አብዛኛው ሃንድአውት አጥንቶ ፈተና ላይ መልሶ ማስረከብ ነበር። የእውነት የሠራሁት የመመረቂያ ጽሑፌ ላይ ብቻ ነው። አልዩ አምባ ወርጄ፣ የድሮውን ገበያ ከአያቶቻቸው የሰሙ ሽማግሌዎችን አነጋገርኩ። ያ ከአንኮበር በታች ያለው ገበያ ጨው፣ ቡና፣ ባሪያም ሳይቀር የሚሸጥበት ነበር። የእንግሊዙ ካፒቴን ሃሪስ በ1834 ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር ውል የተፈራረመ ጊዜ ወደ አንኮበር የወጣው በዚያው በኩል ነው። እንግሊዛዊው የጻፈው ሌላ፣ ሽማግሌዎቹ የነገሩኝ ሌላ። ሁለቱን ይዤ ማነው የሚታመነው፣ ለምንስ እንዲህ አለ እያልኩ ሁለት ወር ተንከራተትኩ። ወደድኩት።

ከዚያ ተመረቅሁና ሥራ ፍለጋ ወጣሁ። አንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ይፈልጋል። «በጋዜጠኝነት፣ በቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ወይም በተዛማጅ የትምህርት መስክ፣ የሥራ ልምድ 0 ዓመት» ይላል። ቴምፖዬን፣ ማለትም ጊዜያዊ የዲግሪ ማስረጃዬን፣ ይዤ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለው ሰውዬ ገለጥ አደረገውና «ታሪክ ተዛማጅ አይደለም» ብሎ መለሰልኝ። ማን ወሰነው? መመሪያው የታለ? መልስ የለም፣ ከኋላዬ ያለው ሰልፈኛ ቀጠለ። (ይኸው መሥሪያ ቤት ቤቴን ከከፈትኩ በኋላ የበዓል መጽሔቱን አማርኛ እንዳርምለት ልኮልኛል። ገጽ ቆጥሬ አስከፈልኩ፤ ተዛማጅ ነህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም።)

ማስተማርስ ትሉኝ ይሆናል። ሁለተኛ ደረጃ ለማስተማር ፒጂዲቲ የሚባለውን የመምህርነት ሥልጠና መጨመር ይጠይቃል፣ እሱንም ጨርሰው ቦታ የሚጠብቁ ጓደኞች አሉኝ።

ታዲያ ዲግሪው ምን ጠቀመኝ? አንድ ነገር ላሳያችሁ። አንዲት እማማ በመሬት ጉዳይ ተከሰው መጡ። ተቃራኒ ወገን «ባለቤቷ በ1970 ፈርሞ ሰጥቶናል» የሚል ወረቀት አቅርቧል። እማማ ቀን አያውቁም። «እማማ፣ ባለቤትዎ መቼ ነው ያረፉት?» አልኳቸው። «ጃንሆይ በወረዱ በዓመቱ፣ ገና ሲቃረብ» አሉ። ጃንሆይ የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ነው፤ በዓመቱ ገና ሲቃረብ ማለት ታኅሣሥ 1968 ነው። ሰውዬው በ1970 እንዴት ይፈርማል? አንድ ሰው ነግሮኛል ብዬ ግን አልጻፍኩም። ጎረቤት የሆኑ ሁለት አዛውንት ይዘው እንዲመጡ ነገርኳቸውና ለየብቻ ጠየቅኋቸው። አንዱ በልጁ ክርስትና፣ ሌላው መሬት ላራሹ በታወጀበት ጊዜ ቆጠሩ፤ ሁለቱም እዚያው ገጠሙ። አቤቱታው አንድ ገጽ አልሞላም። ፍርዱ የዳኛው ነው፣ እኔ የጻፍኩት ግን ውኃ የማያፈስ ነበር። ይህንን ራፖር መጻፍ አላስተማረኝም፣ አልዩ አምባ ነው ያስተማረኝ። ደንበኞቼ ሌሎቹን ሦስት ጽሕፈት ቤቶች አልፈው እኔ ጋ የሚመጡት ለዚህ ይመስለኛል።

ሶሻል የተማረ ሁሉ ሥራ ፈት፣ ናቹራል የተማረ ሁሉ ባለ ደመወዝ የሚመስላቸው ሰዎች ደግሞ ያስገርሙኛል። ከ2000 ጀምሮ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው 100 ተማሪ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ማኅበራዊ ሳይንስ ይማር ብሎ ነበር። ሕንፃውና ፋብሪካው መሐንዲስ ይፈልጋል ተባለ፤ ክፋት የለውም። አሁን ግን ከቤቴ ፊት ለፊት ባጃጁን አቁሞ ተሳፋሪ የሚጠብቀው ወዳጄ ሲቪል መሐንዲስ ነው። እሱን ማንም «ምን ያደርግልሃል» ብሎ ዲግሪውን አልሰደበበትም፤ «ጊዜው ነው» ይሉታል። እኔ ሥራ ሳጣ ጥፋቱ የታሪክ፣ እሱ ሲያጣ ጥፋቱ የጊዜው!

አንዳንዱ ደግሞ ልጆችን ለማበረታታት ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌን ይጠራል። እውነት ነው፣ የአንኮበር ልጅ ናቸው፤ እንግሊዝ አገር የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ተልከው ሥዕልን መርጠው ተመለሱ፣ አፍሪካ አዳራሽ ያለው 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕልም የእሳቸው ነው። ደስ ይላል። ግን ለመሐል ሜዳው ልጅ ይህን ብቻ ነግሮ መላክ ማታለል ነው። አንድ አፈወርቅ ወጣ ማለት ለሌላው እንጀራ ተጋገረ ማለት አይደለም።

አባትየውን እንዲህ ነው ያልኳቸው። «አባባ፣ ወረቀቱን ብቻ ይዞ ከመጣ እንደ እኔ ደጅ ሲጠና ይከርማል። መጻፍ ከቻለ፣ እንግሊዝኛውን ካጠበቀ፣ ኮምፒውተሩን ካወቀ፣ ግዕዝም ቢጨምርበት ግን ራሱን አያጣም። የመውጫ ፈተናም አለበት፣ 50 ካላመጣ ዲግሪውንም አያገኝም። ወዶ የገባ ደግሞ ተመድቦ ከገባ በተሻለ ይማራል፤ እኔ ያየሁት ይህንን ነው።»

ዝም ብለው ሰሙኝ። «ሁለተኛው ላይ ምን አለ?» አሉ ለልጁ። «አካውንቲንግ።» ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፣ ሂሳብ ከፈሉና ወጡ። ልጁ ወደ ኋላ ዞር ብሎ አየኝ። ምን እንደሞላ አላውቅም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ጋዜጣችሁ ላይ የሥራ ማስታወቂያ ይወጣል፤ ግማሹ «ወይም በተዛማጅ የትምህርት መስክ» ይላል። እስቲ አንድ ጋዜጠኛ ላኩና ቀጣሪዎቹን ጠይቁልን። ተዛማጅ የሚሉት የትኛውን ነው? በዝርዝር ይጻፉት። ታሪክ፣ ፍልስፍና፣ ሥነ ጽሑፍ የማይገባ ከሆነም በግልጽ ይበሉን፤ ቢያንስ ከመንዝና ከአንኮበር የትራንስፖርት ከፍሎ የሚመጣው ልጅ መስኮት ጋ ደርሶ አይመለስ። መልሱን ካተማችሁት ቆርጬ ዲግሪዬ አጠገብ እለጥፈዋለሁ።

አንድ አንባቢያችሁ
ከደብረ ብርሃን