ሄድፎን ከመሸጣችሁ በፊት አሰሙን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሰላም ከደሴ። የቴክኖሎጂ ዓምዳችሁን አልፎ አልፎ አነባለሁ። የስልኩ ካሜራ ስንት ሜጋፒክስል እንደሆነ፣ ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ በደንብ ትጽፋላችሁ። ስለ ድምፅ ግን ጭጭ። ወሎ ውስጥ የሚሰማ ነገር መቼም አይጠፋም፤ ዘፈኑ አለ፣ መንዙማው አለ፣ መዝሙሩ አለ። በምን እንደሚሰማው ግን ሰውን የሚያማክረው የለም። ስለዚህ የማውቀውን እኔው ልበላችሁ።

ዋናው ጉዳዬ ከባለሱቆች ጋር ነው። ደሴ ፒያሳ ግባ፣ ኮምቦልቻ ውረድ፣ ወልድያ ሂድ፣ ያው ነው፤ ሄድፎኑ በላስቲክ ተጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ ተሰቅሏል፣ «እስኪ ልስማው» ስትል «ከተከፈተ ተሸጠ ማለት ነው» ትባላለህ። ሰኞ ገበያ ጤፍ የምትገዛ እናት ዘግና በመዳፏ ሳታይ ብር አታወጣም፤ ሻጩም በዚህ አይቆጣም። ሺህ ብሮች የሚወጡበት፣ ሥራው መሰማት ብቻ የሆነ ዕቃ ላይ ስንደርስ ግን መስማት እንደ ነውር ይቆጠራል። ምን አይነት ነገር ነው አቦ!

እና ካርቶኑን አንብበህ ትገዛለህ። ካርቶኑ ደግሞ ምንም አይነግርህም። «ከ20 ኸርዝ እስከ 20 ሺህ ኸርዝ» የሚለው ጤነኛ የወጣት ጆሮ የሚሰማው ክልል ነው (ኸርዝ ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚንቀጠቀጥ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል)፤ ርካሹም ውዱም ላይ ተጽፏል። ከዚያ ውስጥ የቱ ጎልቶ የቱ ተውጦ እንደሚወጣ ካልተነገረህ ቁጥሩ ጌጥ ነው። «50 ሚሊሜትር ድራይቨር» የሚለውም እንደዚያው። ድራይቨር ማለት ውስጡ ያለችው ትንሿ ስፒከር ናት፤ ትልቅ ስለሆነች ብቻ ባሷ፣ ማለትም ወፍራሙ ታችኛው ድምፅ፣ አያምርም። ዋጋም ቢሆን አያስተማምንም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ጥናት 283 ሄድፎኖችን ለክቶ በዋጋቸውና በድምፅ አወጣጣቸው መካከል ዝምድና አላገኘም። ውድ አትግዙ እያልኩ አይደለም፣ ጠንክሮ የተሠራ ዕቃ ዕድሜ አለው። ድምፁን ግን ዋጋው አይነግርህም፤ መስማት አለብህ።

እኔ የምመክረው ጀርባው የተደፈነውን ነው። ጀርባው ክፍት የሆነው ድምፁ ሰፋ ብሎ ይሰማል፣ እሱን አልክድም፤ ግን ያንተን ዘፈን ለጎረቤት፣ የጎረቤቱን ጭቅጭቅ ላንተ ያስተላልፋል። ግቢ ውስጥ ተከራይቶ ለሚኖር፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ ለሚያጠና፣ ወይም አዲስ አበባ እስኪደርስ 400 ኪሎ ሜትር ያህል የሾፌሩን ምርጫ ለሚሰማ ሰው ክፍቱ አይሆንም። ደሴ ላይ ደግሞ ዝጉ ተጨማሪ ጥቅም አለው፣ ጆሮ ያሞቃል። ኮምቦልቻዎች በቀትር ያልባችኋል፣ ይቅርታ።

ዝግ መሆኑ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ድራይቨሩ ወደ ፊት ብቻ ሳይሆን ወደ ኋላም ድምፅ ያወጣል፤ ጀርባው ሲደፈን ያ ድምፅ መውጫ አጥቶ ይመለሳል። ሠሪው በደንብ ካላሰበበት ታችኛው ድምፅ ያብጣል፣ ዘፋኙ ታፍኖ ይሰማል። ብዙ ሰው «ባሱ አሪፍ ነው» የሚለው ይህንን እብጠት ነው፤ እዚህ ላይ ከብዙ ጓደኞቼ ጋር አንስማማም። የወንድ ድምፅ ሲናገር መሠረቱ ከ85 እስከ 180 ኸርዝ አካባቢ ነው። ሄድፎኑ እዚያው ሰፈር፣ እስከ 250 ኸርዝ ድረስ ከልክ በላይ ከጮኸ፣ ድምፃዊውን ይሸፍነዋል። የሚያጠግበው ባስ ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ ከ100 በታች ነው ያለው። ይመታል፣ ይቆማል፣ ለሌላው ቦታ ይለቃል። ሚዛኑን የጠበቀ ድምፅ ሲባል ባስ የሌለው የሚመስላቸው አሉ፤ የለም፣ ባሱ አለ፣ ሥራውን ይሠራና ዘወር ይላል።

መለየት የሚቻለው እንዴት ነው? ጠንቅቀህ የምታውቀውን ድምፅ ስልክህ ላይ ጭነህ ሂድ፣ ኢኳላይዘሩን (ባሱንና ቀጭኑን ድምፅ የሚጨምረውንና የሚቀንሰውን ማስተካከያ) አጥፋ፣ ከዚያ ስማ። እኛ ደግሞ ለዚህ ታድለናል፤ ከአራቱ ቅኝቶች ባቲና አምባሰል ስማቸው ራሱ የሰፈራችን ነው። በክራር ብቻ የታጀበ የቆየ አምባሰል ክፈት። እዚያ ውስጥ ጥልቅ ባስ የለም። ሄድፎኑ እዚያም ላይ ዱም ዱም ካለ ያንን የጨመረው ራሱ ነው፣ መልሰህ ስጠው። የካሴት ዘመን ቅጂም እንዲሁ ነው፤ ባሱን ለመፈተን አይሆንም፣ ውሸታሙን ለመያዝ ግን ይሆናል። ቀጥለህ መንዙማ ስማ። ድቤው ሲመታ ጭብጨባው ለብቻው ጥርት ብሎ ይሰማሃል? ተቀባዮቹ ብዙ ሰዎች መሆናቸው ይታወቅሃል ወይስ አንድ ላይ ተጨፍልቀዋል? ከበሮ ያለበት መዝሙር ካለህ ደግሞ ትልቁን ፊትና ትንሹን ፊት ለይ፤ ትልቁ ወፍራም ነው፣ ትንሹ ቀጠን ብሎ ይመልሳል፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት «ጉም» ከሆኑ ያ ሄድፎን ላንተ አይደለም።

የእኔ ትልቁ ፈተና በገና ነው። በገና ድምፁ ወፍራም ነው፣ ግን አውታሮቹ ሥር ያሉት እንዝሮች (ትናንሽ የቆዳ ቁርጥራጮች) የሚሰጡት ንዝረት አለው፣ እሱ ወደ ላይ ይወጣል። ንዝረቱ ጠፍቶ ጉምጉምታ ብቻ ከቀረ ላይኛው ድምፅ ሞቷል ማለት ነው። ንዝረቱ ጆሮህን ከወጋህ ደግሞ ላይኛው በዝቷል። ማሲንቆም ይህንን ይነግርሃል፣ በተለይ ጭራው አውታሩን ሲፈገፍግ። ባሱን ለማየት በመጨረሻ አዲስ ዘፈን ክፈት፣ ቤዝ ጊታሩ ኖታውን ሲቀያይር መከተል ከቻልክ ጥሩ ነው።

አሁን ማንም የማይናገረውን ልናገር። ዝግ ሄድፎን ባሱን የሚያገኘው ስፖንጁ ጆሮህን ዙሪያውን ሲገጥም ነው። ትንሽ ክፍተት ካለ መጀመሪያ የሚያመልጠው ባሱ ነው። የመነጽር እጀታ ክፍተት ይፈጥራል። ወፍራም ሹሩባም እንዲሁ። እዚህ አገር ደግሞ ሂጃብ ወይም ሻሽ የምታደርግ እህት ጨርቁ ላይ ነው የምትደፋው፣ ስለዚህ እኔ «ባሱ በቃኝ» ያልኩት ለእሷ ባዶ ሊሆን ይችላል። ስለ ሄድፎን አመራረጥ የሚጻፉ ምክሮች እሷን አስበው አያውቁም። ሰፊና ለስላሳ ስፖንጅ ያለውን ፈልጊ፣ እንደምትለብሺው ሆነሽ ሞክሪው፣ ስትሞክሪ በእጅሽ ጫን አድርጊው። ሲጫን ባሱ ድንገት ከመጣ እየገጠመ አልነበረም ማለት ነው። ስፖንጁ ሲያረጅና ሲላላጥም ባሱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ መለዋወጫ የሚገኝለትን መግዛት ይሻላል።

ከወሎ ዓረብ አገር ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። «ምን ላምጣላችሁ» ስትባሉ «ጥሩ ሄድፎን» ብላችሁ አትተዉት፣ ሞዴሉን ንገሩ። ሶኒ ኤምዲአር-7506 ከ1991 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስቱዲዮ ውስጥ የኖረ ነው፣ የዘፋኙን ድምፅ አጥርቶ ያሳያል፣ ባሱ ግን ልከኛ ነው። ኦዲዮ-ቴክኒካ ኤም50ኤክስ ታዋቂ ነው፣ ባሱ ከፍ ይላል፤ ታናሹ ኤም40ኤክስ ርካሽ ሆኖ ለእኔ ጆሮ የተሻለ ሚዛን አለው። ኤኬጂ ኬ371 ጥልቅ ባስና ሚዛን አንድ ላይ ለሚፈልግ ነው፣ ካልገጠመህ ግን ባሱን ወዲያው ያጣል። ባየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ ምቾቱና ጥልቅ ባሱ ይጥማል፣ ላይኛው ድምፅ ግን ሹል ነው። እሱን ስታዝዙ ተጠንቀቁ፣ 32፣ 80 እና 250 ኦም (ለኤሌክትሪክ ያለው መቋቋም) ተብሎ ይመጣል፤ 250ው ያለ አምፕሊፋየር ስልክ ላይ አቅም አይኖረውም። ሁሉም ባለ ገመድ ናቸው፣ ስልካችሁ መሰኪያ ከሌለው አስማሚ ጨምሩ። እነዚህን ስሞች በማይታመን ዋጋ እዚሁ ካገኛችኋቸው ደግሞ ኮፒ ነው ብላችሁ ጀምሩ።

ስለ ድምፅ ልክ ሁለት ቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ 80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ይፈቅዳል፣ 90 ከደረሰ ግን 4 ሰዓት ብቻ። ዝግ ሄድፎን የውጭውን ጫጫታ ስለሚቀንስ ዝቅ አድርጎ መስማት ይቻላል፣ ባጃጅ ውስጥም ቢሆን።

ባለሱቆች፣ ከምትሸጡት ከእያንዳንዱ ሞዴል አንድ አንድ ከፍታችሁ ለመስሚያ አስቀምጡ። ስፖንጁን በአልኮል ጥረጉት። ዘፈኑን እኛው ይዘን እንመጣለን። እንዲህ የሚያደርግ ሱቅ ቀድሞም ካለ ደግሞ ለዚህ ጋዜጣ ይጻፍና እናውቀው፣ እኔ በመጀመሪያው ቅዳሜ እመጣለሁ።

አንባቢያችሁ
ከደሴ