ደብዳቤ ለልጄ፦ ማንኪያ ይዘሽ አትከተዪው

የኔ ልጅ እንዴት ነሽ፣ ማሙሽስ? ባለፈው ስትደውዪ "እማዬ ከፓስታና ከብስኩት ውጪ አልበላም አለኝ፣ ምን ላርገው" ብለሽ ልታለቅሺ ስትደርሺ ቤት ሰው ስለነበረ በደንብ አልመለስኩልሽም፣ አሁን ቁጭ ብዬ ልፃፍልሽ።

መጀመሪያ አብሽሪ። ጤና ጣቢያ ህፃናት ስመዝን ነው እድሜዬን የጨረስኩት፣ የ2 አመት ልጅ ይዛ መጥታ "ኧረ አልበላ አለኝ" ያላለችኝን እናት ብቆጥር ጣቴ ይተርፋል። ልጅ በመጀመሪያው አመት የተወለደበትን ኪሎ 3 እጥፍ ያደርሳል፣ 3 ኪሎ የተወለደው 9 ይገባል ማለት ነው፣ በሁለተኛው አመት ግን ቢጨምር 2፣ ቢበዛ 2 ተኩል ኪሎ ነው። እድገቱ ቀዝቀዝ ሲል ፍላጎቱም ይቀንሳል፣ እናት ግን አምና የበላውን እያሰበች ተራበብኝ ትላለች። ደሞ በዚህ እድሜ የማያውቁትን ምግብ አልነካም ማለት ያለ ነው፣ ጎመን ሲያይ እባብ እንዳየ የሚሸሽ ስንቱን አይቻለሁ። አባትሽ "በኛ ጊዜ ልጅ የሰጡትን ይበላ ነበር" ይላል፣ አትስሚው፣ እሱ ራሱ እስከዛሬ ጎመን በስጋ ሲቀርብለት እጁ ስጋው ስጋው ላይ ነው።

ይልቅ አንድ ነገር ልንገርሽ። ምን እንደሚበላ፣ መቼና የት እንደሚበላ አንቺ ነሽ የምትወስኚው፣ ይብላ አይብላ፣ ምን ያህል ይብላ የሚለው ግን የሱ ፋንታ ነው። በዩቲዩብ አፍዝዘሽ "ይቺን ለእማዬ፣ ይቺን ለአባዬ" እያልሽ ስታጎርሺው ለዛች ቀን ሳህኑ ባዶ ይሆናል፣ ልጁ ግን ይጥገብ ይራብ ሳያውቀው ነው የሚውጠው። ስልኩን አርቂው፣ ማንኪያ ይዘሽ ሶፋ ለሶፋ አትከተዪው። አልፈልግም ካለ እሺ ብለሽ አንሺ፣ ምግብም መክሰስም በሰአቱ ይሁን፣ በመሀል ብስኩት እየተሰጠው ግን ምሳ ላይ ይበላል ብለሽ እንዳትጠብቂ።

አብራችሁ ብሉ። አዲስ አበባ ላይ ሩጫ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ልጁ ከሞግዚቷ ጋር ብቻውን በልቶ እናንተ ስትገቡ ተኝቷል፣ ግን ቢያንስ ቅዳሜና እሁድ ትሪው ዙሪያ ከናንተ ጋር ይቀመጥ። የድንችና የካሮት አልጫ አውጪና ከፊቱ አንዲት ቁራጭ ካሮት ብቻ አርጊለት፣ ይነካታል፣ ያሸታታል፣ ምናልባት ልሶ መልሶ እንጀራው ላይ ይለጥፋታል። ዝም በይ። ብላም አትበዪው፣ አታጨብጭቢለትም፣ ራስሽ እየጣፈጠሽ ብዪ። ሌላ ቀን ደግመሽ አቅርቢ። ልጅ አንድ ምግብ እስኪለምድ 10 ጊዜ ምናምን፣ አንዳንዱ 15 ጊዜ ሊፈልግ ይችላል፣ ብዙዋ እናት ግን ሶስተኛው ላይ "ካሮት አይወድም" ብላ ትዘጋዋለች። ፓስታውንም አትከልክዪው፣ ሱጎው ውስጥ ካሮት ፈቅፍቂበት፣ ምስር ክክ በደንብ ቀቅለሽ ጨምሪበት፣ ግን በመደበቅ ብቻ አትኑሪ፣ በአይኑ ያላየውን አይለምድም።

ወተቱን ደሞ ቀንሺለት። ጡጦ ይዞ ሲዞር ከዋለ ሆዱ ሙሉ ነው በምን ይብላ፣ በቀን ከግማሽ ሊትር ባይበልጥ ጥሩ ነው፣ ወተት ሲበዛ የብረት እጥረትም ያመጣል። ሻይ ጭራሽ አይሆንም፣ ሻይ ምግቡ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነቱ እንዳይወስደው ያደርጋል፣ ዳቦ በሻይ ምሳ አይባልም እሺ? ምስር ወይ ጎመን ሲበላ ግን ሎሚ ጠብ አርጊበት ወይ ብርቱካን አስከትዪለት፣ ይሄ ብረቱን ይረዳዋል።

ሌላው የፆሙ ነገር ነው። አንቺ ሁዳዴን አጥብቀሽ ትፆሚያለሽ፣ ድስቱ እንዳይነካካ እየተባለ ልጁም ያለ እንቁላል ያለ ወተት ሁለት ወር ሊከርም ነው። ከ7 አመት በታች ያለ ልጅ ምን ፆም አለበት? ለሱ ትንሽ መጥበሻና አንድ ማንኪያ ለብቻው ለዪለትና እንቁላሉን በዛ ስሪለት፣ አበቃ። ቆሎ፣ ኦቾሎኒና ፈንዲሻ ግን እስከ 4 አመቱ እጁ እንዳይገባ፣ ያንቃል፣ የኦቾሎኒ ቅቤ ከሆነ ስስ አርገሽ ዳቦ ላይ መቀባት ትችያለሽ።

ጎረቤትሽ የነገረችሽን አፔታይት የሚከፍት ሽሮፕ ከፋርማሲ እንዳትገዢ፣ እባክሽ። ኪሎው ከቀነሰ ወይ ለወራት ባለበት ከቆመ፣ ሲውጥ የሚያንቀው ወይ የሚያስመልሰው ከሆነ፣ ፊቱ ከነጣ ወይ አፈር መብላት ከጀመረ ሀኪም ይየው፣ ያለዛ እየተጫወተ እየሮጠ ከሆነ ተዪው።

ነጭ ሽሮ፣ በርበሬ ያለበት ሽሮና በሶ አስፈጭቻለሁ፣ የአክስትሽ ልጅ ሀሙስ ስትመጣ ትይዝልሻለች፣ ነጩ የማሙሽ ነው፣ በርበሬ ያለበት የናንተ፣ ላስቲኩ ላይ ፅፌበታለሁ እንዳታምታቺው። አባትሽ ሰላም ብሎሻል፣ ሲደርስሽ ደውዪ።

እናትሽ፣ ከደሴ