በአባቴ ለቅሶ ለደረሳችሁልኝ ሁሉ፣ ስለዛ ዘፈንም ለጠየቃችሁኝ

አባቴን ሳጣ ሲያትል ቤቴ ድረስ እየመጣችሁ ላጽናናችሁኝ፣ ከአዲስ አበባ ሌት ተቀን ለደወላችሁልኝ፣ ምግብ ሠርታችሁ ላመጣችሁ እናቶች፣ መርዶውን ሊነግሩኝ በሌሊት ለተነሱት አባቶች እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በደስታ ብድር መላሽ ያድርገኝ።

በተለይ ትልልቆቹን ማመስገን እፈልጋለሁ ምክንያቱም ለቅሶ ቤት ዘፈን እንደማይሰማ እየታወቀ ማታ ማታ ኢርፎን ሰክቼ ሳለቅስ ማንም አልተቆጣኝም፣ እንደውም አንዷ እትዬ "ካጽናናህ ስማው ልጄ" አሉኝ። ምን እንደምሰማ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኛል፣ ያኔ ያልነገርኳችሁ አፌ አልፈታ ስላለኝ ነው።

ዘፈኑ ሪሊስ ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ፐርል ጃም የተባለው የሮክ ባንድ የመጀመሪያ አልበም፣ ቴን፣ መዝጊያ ነው፣ የተቀዳውም እዚሁ ሲያትል። ዘፋኙ ኤዲ ቬደር የእንጀራ አባቱን ወላጅ አባቴ ነው እያለ ነው ያደገው። የወለደውን ሰውዬ የቤተሰብ ወዳጅ ነው ተብሎ አይቶታል እንጂ አባቱ መሆኑን አያውቅም ነበር፣ እውነቱ ሲነገረው ደሞ ሰውዬው መልቲፕል ስክለሮሲስ በሚባል የነርቭ በሽታ ሞቷል። አባት ማግኘትና አባት መቅበር አንድ ላይ እንዴት ይቻላል?

በ1990 ከሳንዲያጎ መጥቶ ከባንዱ ጋር ሲለማመድ ጊታሪስቱ ስቶን ጎሳርድ ቀስ ያለች ጊታር ጀመረ፣ ሌሎቹ ገቡበት፣ ኤዲም የመጣለትን ማንጎራጎር ያዘ፣ ዘፈኑ እዛው ተወለደ፣ ዜማው ላይ የአምስቱም ስም ነው ያለው። እነሱም ሐዘን ላይ ነበሩ እኮ፣ ጎሳርድና ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ጄፍ አመንት የበፊቱን ባንዳቸውን ዘፋኝ አንድሩ ዉድን ያጡት በዛው ዓመት ማርች ላይ ነው። ኦክቶበር 22 ኦፍ ራምፕ ክለብ ውስጥ የመጀመሪያ ሾዋቸውን ሲያቀርቡም የከፈቱት በዚሁ ዘፈን ነው።

ዘፈኑ ላይ ኤዲ ስለ አባቱ አያወራም፣ አባቱን ነው የሚያናግረው፣ ልክ እንደኛ አገር አልቃሽ ሟቹን እየተጣራ። እኔ አባቴን አውቀዋለሁ፣ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ በስልክ ነው ያሳደገኝ፣ ቀብሩም ላይ አልደረስኩም፣ ቆሜ የማናግርበት አስከሬን አልነበረኝም። ያንን ነው ዘፈኑ የሰጠኝ። ዘፈኑን ለላከልኝ የሥራ ባልደረባዬ፣ ቋንቋችንን ሳያውቅ ከናንተ ጋር ወለል ላይ ቁጭ ብሎ ላመሸው፣ ከልቤ አመሰግናለሁ።

የአርባው ጸሎት ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ሰዓቱን ቴሌግራም ግሩፑ ላይ እለጥፋለሁ፣ የምትችሉ ኑልኝ።